ጅማና የምርምር እንስሳት፦ ሰዉ ምን ይሰማዋል?

ጅማ ላይ «እንስሳን ለሳይንስ ምርምር መጠቀም ተገቢ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው። «የቱን እንስሳ?» ይሏችኋል። ቀጥሎ «ለምን ተብሎ?» ይመጣል። አይጥ ከሆነች ወሬው ቶሎ ያልቃል። ላም ከሆነች ግን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የቡና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 የግብርና ትምህርት ቤት ተከፈተባት። በ1983 ደግሞ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት መጣ። ሁለቱ በ1999 ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ስለዚህ ሐኪሙም፣ የመድኃኒት ባለሙያውም፣ የእንስሳት ሐኪሙም በአንድ ተቋም ይማራሉ። እንስሳ እዚህ ለሰው ጤና ሲባልም ለራሱ ጤና ሲባልም ይጠናል።

በሀገራችን የመድኃኒት ምርምር ብዙውን ሸክም የምትሸከመው ነጭ አይጥ ናት። ስዊስ አልቢኖ ትባላለች። ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ቢሆን ነው። ወባን በባህል መድኃኒት ማከም የቆየ ነገር ነው፤ ብሳናና ግራዋ በሀገራችን ቤተ ሙከራዎች በአይጥ ላይ ተፈትሸዋል። የተለመደው ፈተና እንዲህ ነው። አይጦቹ ሰውን በማይዝ የአይጥ ወባ እንዲያዙ ይደረጋል። አምስት አምስት ወይም ስድስት ስድስት ሆነው ይመደባሉ። አንዱ ምድብ የቅጠሉን ጭማቂ፣ ሌላው ክሎሮኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት፣ ሌላው ውሃ ብቻ ለ4 ቀን ይሰጠዋል። በማግስቱ ከጭራቸው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰድና ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ጭማቂው መርዝ እንዳይሆን ደግሞ ሌሎች አይጦች በኪሎ ክብደት እስከ 2000 ሚሊ ግራም ይሰጣቸውና ለ14 ቀን ይታያሉ።

እኔን ከሁሉ የምታሳዝነኝ ውሃ ብቻ የሚሰጣት አይጥ ናት። በሽታው ይዟታል። መድኃኒቱ ጎኗ አለ፣ አይሰጣትም። ያለ እሷ ግን ቅጠሉ ይሥራ አይሥራ ማንም አያውቅም። የሰው ልጅ ለዚች ፍጡር ባለዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ነው፣ ይህ ስሜት በየቤቱ አይገኝም። አይጥ በቆሎ የምታበላሽ፣ ልብስ የምትቀድ ጠላት ናት። ወጥመድ ይጠመድላታል፣ መርዝ ይገዛላታል። ለእሷ ማዘን ለብዙ ሰው ቅንጦት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ነገሩ ይቀየራል። አይጧን በእጅ ይዞ ልቧ ሲመታ መስማት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ ብሪታንያውያን ሦስት ጥያቄ አስቀምጠዋል። እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ይቻላል? ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስስ? ስቃዩንስ ማቅለል? ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ተመራማሪን የሚጠይቁት ከዚህ የመነጨ ነው። ለአይጥ ጠበቃዋ ይኸው ጥያቄ ነው።

ወደ ከብት ስንመጣ ስሜቱ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲወርዱ የጊቤ ሸለቆ ይታለፋል። ቆላ ዝንብ ያለበት፣ ከብት ዝንቡ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ የሚያልቅበት አገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ተመራማሪዎች እዚያ የገበሬውን ከብት ተከታተሉ። በየወሩ ከብቱ ይነዳል፣ ደሙ ይወሰዳል፣ በሽታው ይፈተሻል። ተውሳኩ መድኃኒቱን እንደለመደ የታወቀው በዚህ ነው። ኋላ ላይ ዝንቡን የሚገድል ፈሳሽ የከብቱ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ተጀመረ። ገበሬው ከብቱ ሲድን አየ። ከዚያ ለፈሳሹ ከኪሱ መክፈል ጀመረ። ሰው ስለ ምርምር ያለውን ስሜት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። እንስሳው የራሱ ነው፣ ምርመራው ዓይኑ እያየ ነው፣ ጥቅሙም ወደ በረቱ ይመለሳል።

ለዚህ ደግሞ ታሪክ አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ክፉ ቀን የጀመረው «ደስታ» በሚባለው የከብት ወረርሽኝ ነው። ከብቱ አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሰውም በረሃብ ረገፈ። በሽታውን ያጠፋው ክትባት ኬንያ ውስጥ ከጥጃ ኩላሊት በተወሰዱ ሴሎች ላይ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በእንስሳ ላይ የተደረገ ምርምር እንስሳትን ራሳቸውን አድኗል።

የእብድ ውሻ ክትባትም አለ። ሀገራችን ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ ነበር። የተወጋ ሰው ሕመሙን አይረሳም፤ በጉ ግን ትዝ የሚለው ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ሥር ሃይማኖት አለ። ጅማ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናት። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በጀሀነም እንደተቀጣች፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ደግሞ ምሕረት እንዳገኘ የሚናገረውን ሐዲስ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ጋ ደግሞ መጽሐፈ ምሳሌ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል። ሁለቱም እንስሳን መጠቀምን አይከለክሉም፤ ጭካኔን ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ እንስሳ ሲታረድ የፈጣሪ ስም ይጠራል፣ ሥጋው ይበላል። የምርምር እንስሳ ግን አይበላም፣ ይቃጠላል። ለአንድ አዛውንት ይህን ስታስረዱ «ታዲያ በከንቱ ሞተ?» ቢሏችሁ አትደነቁ። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ምርምሩ ምን እንዳገኘ ተመልሶ ለሰፈሩ ሰው ካልተነገረ፣ እውነትም በከንቱ ይመስላል።

ውጭ አገር ክርክሩ የጦፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 52 በመቶው ተቃውመዋል፤ የደገፉት 47 በመቶ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳ ላይ የተሞከረ የመዋቢያ ምርት እንዳይሸጥ በ2013 ሙሉ በሙሉ አግዷል።

የሽቶ ነገር ከተነሳ ጅማም የራሷ ታሪክ አላት። የጊቤ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ለሽቶ የሚውል ዝባድ ለዓለም ይሸጣል። ጥርኝ ከጫካ ይያዝና በጠባብ ቀፎ ውስጥ ይቀመጣል። ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱ በየጥቂት ቀኑ ይጠረጋል፣ በቀንድ ተሞልቶ ይሸጣል። ይህ ምርምር አይደለም። ሆኖም የታሰረ እንስሳ ምን ይሰማዋል የሚለውን ጥያቄ እዚህ ሰፈር ያመጣው ጥርኝ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች ቀፎው ጠባብ ነው፣ ብዙው በተያዘ ሰሞን ይሞታል ብለው ጮኸዋል። ጠባቂዎቹ ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያበሉታል፤ ቤቱ እንዳይበርደው እሳት ያነዳሉ። ተመራማሪዎችም ቀፎው እንዲሰፋ፣ አያያዙም እንዲሻሻል መክረዋል። ቀፎውን ለማስፋት እንጨትም ገንዘብም ያስፈልጋል። ያንን ማን ይክፈል የሚለው ነው ያልተቋጨው።