ያጌጡ የሰሪፍ ፎንቶች በዲጂታል ማስታወቂያ ንድፍ

ሰሪፍ በላቲን ፊደላት መስመሮች ጫፍ ላይ ትንንሽ መቋጫ ያለው የፎንት ዓይነት ነው። ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ለጌጥ ያደሉት፣ ማለትም በወፍራሙና በቀጭኑ መስመር መካከል ያለው ልዩነት የጎላባቸው፣ መቋጫቸው የሰላ፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጅራትና የተጣመሩ ፊደላት ያሏቸው ፎንቶች፣ በፋሽን፣ በሽቶ፣ በጌጣጌጥ፣ በሆቴልና በሠርግ አገልግሎት ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት ይታያሉ። ውበታቸው የቆመው በቀጭኑ መስመር ላይ ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ችግር የሚያመጡትም በዚሁ መስመር ምክንያት ነው።

ይህ ቀጭን መስመር የተወለደው የሚታተምበት ገጽ ስለተሻሻለ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ጆን ባስከርቪል በ1757 የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም ለስላሳ ወረቀትና የተሻለ ጥቁር ቀለም ስለተጠቀመ፣ ከቀደሙት ይልቅ የሰላ ፊደል ማተም ቻለ። ከ1768 ጀምሮ በጣሊያን ፓርማ የመስፍኑን ማተሚያ ቤት የመራው ጃምባቲስታ ቦዶኒ፣ በፓሪስ ደግሞ ፊርሜን ዲዶ ልዩነቱን እስከ ጥግ ወሰዱት፤ የቆመው መስመር እንደ ዓምድ ወፈረ፣ አግድሙ እንደ ፀጉር ቀጠነ። የሁለቱን ስም በማጣመር ዲዶን የሚባለው ወገን ዛሬ የቅንጦት መለያ ለመሆን የበቃው ግን በኋላ በፋሽን መጽሔቶች በኩል ነው። የሐርፐርስ ባዛር መጽሔት በ1992 በፋቢያን ባሮን የንድፍ አመራር መልኩን ሲለውጥ፣ አሜሪካዊው ጆናታን ሄፍለር የሠራው ዲዶ የተባለ ፎንት ዋናው የርዕስ ፊደል ሆነ። ይህ ፎንት ለሰባት የተለያዩ መጠኖች ለየብቻ የተሳለ ነበር፤ በትንሹ መጠን ቀጭኑ መስመር ወፈር ይላል፣ በትልቁ ይሳሳል። የዲዶን ፊደል አንዱን ሥዕል በማሳነስና በማተለቅ ብቻ እንደማይሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይህ ዓይነት ፊደል ለረጅም ጊዜ ቦታ አልነበረውም። በ1990ዎቹ ማቲው ካርተር ለማይክሮሶፍት የሠራው ጆርጂያ ሰሪፍ ቢሆንም፣ ሆን ተብሎ የተደላደለና ቀጭን መስመሮቹ የወፈሩ ፎንት ነው፤ የዚያን ጊዜ ስክሪን ከዚያ የቀጠነ ነገር አይችልም ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ2010 ገደማ ነው። በዚያ ዓመት ነፃ ፎንቶችን ለድረ ገጾች የሚያቀርበው ጉግል ፎንትስ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አይፎን 4 ደግሞ በአንድ ኢንች 326 ፒክስል የያዘ ስክሪን ይዞ መጣ። በ1750ዎቹ ለስላሳ ወረቀት ያደረገውን፣ እዚህ የፒክስሉ ጥግግት ደገመው ማለት ይቻላል። ዴንማርካዊው ክላውስ ኤገርስ ሶረንሰን በ2011 በነፃ ያወጣው ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ብዙም ሳይቆይ በየድረ ገጹና ካንቫ በተባለው የንድፍ መሣሪያ በሚሠሩ ንድፎች ላይ የሚታይ ሆነ፤ እንዲያውም ከመለመዱ የተነሳ ዛሬ ብቻውን ለአንድ ድርጅት ልዩ መልክ መስጠት ይሳነዋል።

ፋሽኑ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። የቅንጦት ፋሽን ድርጅቶቹ ሴን ሎራን በ2012፣ በርበሪ በ2018 መቋጫ የሌለው ቀጥ ያለ ፊደል ለስማቸው መረጡ፤ ሌሎች የቅንጦት ድርጅቶችም ተከተሏቸው፣ ስሞቻቸውም እርስ በርስ መመሳሰል ጀመሩ። ዛራ በ2019 ፊደላቱ የተነባበሩበትን የዲዶን ጽሑፍ ሲይዝ፣ በርበሪም በ2023 ወደ ሰሪፍ ተመልሷል።

በሥራ ላይ ወሳኙ ነገር መጠን ነው። በኢንስታግራም የተለመደው ምስል 1080 ፒክስል ስፋት አለው። ይህ ምስል 6.5 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ሲታይ፣ ንድፍ አውጪው በላፕቶፑ ላይ ሁለት ፒክስል አድርጎ የሳለው መስመር 0.12 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ማኅበራዊ ሚዲያዎቹ ምስሉን ሲጨምቁት የመስመሩ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉ በፎቶ ላይ ካረፈ ደግሞ መስመሩ ከነጭራሹ ሊጠፋና የላቲኑ ትንሹ ኤን (n) ሁለት የተለያዩ ዘንጎች መስሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ያጌጠው ሰሪፍ ለሦስት ወይም ለአራት ቃል ርዕስ፣ ለምርቱ ስም ወይም ለአንድ አጭር ሐረግ ይውላል፤ ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስልክ ቁጥሩና የቅናሹ ቀን ግን ቀለል ባለ ፎንት ይጻፋሉ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፍና በመደብ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የሆነ የቀለም ንፅፅር ይጠይቃል፤ ይህ ልኬት ግን የሚያየው ቀለሙን እንጂ የመስመሩን ውፍረት ስላልሆነ፣ ፈተናውን ያለፈ ወርቃማ ዲዶን በጥቁር መደብ ላይ አሁንም ላይነበብ ይችላል። ጅራታም ፊደላትም በልክ ሲሆኑ ያምራሉ፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጅራት ከተሰካ ግን አንዱ ትርፍ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ በተመለከተ፣ እንደ ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ያሉ በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡት ለንግድ ሥራም በነፃ የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ ከልዩ ልዩ ገጾች በነፃ የሚወርዱ ብዙ የጌጥ ፎንቶች ግን ለግል ጥቅም ብቻ የተሰጡ ናቸው።

በአማርኛ ማስታወቂያ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፕሌይፌር ዲስፕሌይ የግዕዝ ፊደላት የሉትም፤ ዲዛይነሩ በእሱ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ ሲጽፍ ሲስተሙ በራሱ ኒያላን፣ ኬፋን ወይም ሌላ ያገኘውን ፎንት ይተካል፣ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ጋር ሳይተዋወቅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ወፍራምና ቀጭን መስመርን ማፈራረቅ ግን ለግዕዝ እንግዳ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር የጻፉት ቁም ጽሕፈት የጸናው በዚሁ ነው። የላቲኑን ጌጥ በቀጥታ መገልበጥ የማያዋጣው ግዕዝ ድምፅን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ነው። «ሊ» እግሩ ላይ አጭር መስመር፣ «ሌ» ትንሽ ቀለበት አላት፤ መስመሩ ሲቀጥንና ቀለበቱ ሲደፈን ልዩነቱ ይጠፋል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ የላቲኑን ርዕስ በትልልቅ ፊደላት አራርቆ በመጻፍ የሚገኘው የቅንጦት ስሜትም እንደዚያው አይመጣም። በተመሳሳይ የፎንት መጠን ቁጥር ሲጻፉ አማርኛው ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ጎልቶ ስለሚታይ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ባሉበት ንድፍ ላይ መጠናቸውን በቁጥር ሳይሆን በዓይን ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙዎች አማርኛውን ጎትቶ በማስረዘም ወይም ጥላና ጠርዝ በመጨመር ሊያስጌጡት ይሞክራሉ፤ ከዚያ ይልቅ በልዩ ልዩ ውፍረት የሚገኘውን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን መርጦ በዙሪያው ሰፊ ባዶ ቦታ መተው፣ ቢያስፈልግም አንዱን ቃል ጸሐፍት የቅዱሳንን ስም በሚለዩበት ቀይ ቀለም ማውጣት የተሻለ ውጤት ይሰጣል።