ብክለትን የሚለኩ ሴንሰሮች፦ እንዴት ይሠራሉ፣ መቼ ይታመናሉ?

ድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓዱ ሲገቡ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በሽቦ ቤት ይዘው ይወርዱ ነበር። ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትዝለፈለፍ፣ ስትወድቅ ያየ ሁሉ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ሐሳቡን ያመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ የስኮትላንድ ተመራማሪ ነው። ብሪታንያ ወፎቹን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለመተካት የወሰነችው ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው)።

የብክለት ሴንሰር የዚያች ወፍ ተተኪ ነው። በመጽሐፍ አማርኛ ዳሳሽ ይባላል፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሴንሰር በሚለው ስለሆነ በዚሁ እንቀጥል። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በካዩን ነገር ሲያገኝ የሚለወጥ ነው። ሌላው ያንን ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይረዋል፣ ከዚያ ቁጥር ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ቁጥር የሚያወጣ ሴንሰር መሥራት ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቁጥሩ የሚታመን እንዲሆን ማድረግ ነው፤ የዚህ ሙያ ሰዎች ዓመታቸውን የሚጨርሱት እዚህ ላይ ነው።

ከአየር እንጀምር። በ1960ዎቹ ናኦዮሺ ታጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ውህድ የጋዝ ሴንሰር ሠራ። አሠራሩ ደስ ይላል። ውህዱ ሲግል የአየሩ ኦክስጅን ላዩ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮኖችን አፍኖ ይይዛል። የሚቀጣጠል ጋዝ ሲመጣ ኦክስጅኑን ይበላዋል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፣ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ማለፍ ይጀምራል። ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ችግሩ ሁሉም ነገር ጋዝ ይመስለዋል። የአልኮል ትነትም፣ ሽቶም፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝም ያንኑ ለውጥ ያመጡበታል።

ኤሌክትሮኬሚካል ሴል የሚባለው ከዚህ ይሻላል። ጋዙ በስስ ሽፋን አልፎ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ) ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ኬሚካዊ ለውጥ ይካሄዳል፣ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ቤት ውስጥ የሚሰቀሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እሱም ቢሆን ይሳሳታል። ከመኪና ጭስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እንዲለካ የተሠራው ሴል ኦዞንንም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ኦዞኑን የሚያስቀር ማጣሪያ ፊቱ ላይ ይደረግለታል። በዚያ ላይ ሙቀት ያዛባዋል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ ንባቡ ቀስ በቀስ ከትክክለኛው ቦታ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዛሬ 40 ያለው ሴንሰር ከስድስት ወር በኋላ ለዚያው አየር 55 ሊል ይችላል። አየሩ ሳይለወጥ ማለት ነው።

ታዲያ እምነት ከየት ይመጣል? ቻርልስ ኪሊንግ የተባለውን አሜሪካዊ ተመራማሪ ተመልከቱ። በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። መሣሪያው ኢንፍራሬድ ጨረር በአየሩ ውስጥ ያሳልፍና ጋዙ ምን ያህሉን እንደዋጠው ያያል። የመጀመሪያው ንባብ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 313 ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። ኪሊንግን ከሌሎች የለየው መሣሪያው ብቻ አልነበረም። ይዘቱ በትክክል የታወቀ ጋዝ በሲሊንደር አዘጋጅቶ መሣሪያውን በየጊዜው በዚያ ይፈትነው ነበር። ካሊብሬሽን የሚባለው ይህ ነው። የዓለም የአየር ንብረት ክርክር ትልቁ ማስረጃ የቆመው በዚህ አሰልቺ በሚመስል ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

አሁን በብዛት የሚሸጡት የደቃቅ ብናኝ ሴንሰሮች ናቸው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው፤ የፀጉር ውፍረት የዚህ 30 እጥፍ ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በሜትር ኪዩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ርካሾቹ ሴንሰሮች ግን ማይክሮግራም አይመዝኑም። ትንሽ ፋን አየር ይስባል፣ ሌዘር ይበራል፣ ብናኙ የበተነው ብርሃን ይለካል፣ ክብደቱ በግምት ይሰላል። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውሃ መጥጦ ይተልቃልና ንባቡ ዘሎ ይወጣል። ጉም ደግሞ ጭስ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ርካሹን ሴንሰር ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ዋና መለኪያ ጎን ለሳምንታት አቁሞ ልዩነታቸውን መመዝገብና የማስተካከያ ቀመር ማውጣት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ሰዎች ቤታቸው የሰቀሏቸውን ሴንሰሮች በሰደድ እሳት ጭስ ካርታው ላይ ሲያካትት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቀመሩ ውስጥ የአየሩ እርጥበትም ይገባል።

ውሃ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። ሌላንድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1956 ያስተዋወቀው የኦክስጅን ኤሌክትሮድ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ለመለካት በር ከፈተ። ኤሌክትሮዱ ግን የሚለካውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚፈጀው ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አሳንሶ ያነባል። ዛሬ ብዙዎቹ በብርሃን ነው የሚሠሩት፤ አንድ ቀለም እንዲያበራ ይደረጋል፣ ኦክስጅን ሲበዛ ብርሃኑ ይደክማል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ የተተወ ሴንሰር በቀናት ውስጥ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ይለብሳል። ባክቴሪያ ይመጣል፣ አልጌ ይከተላል፣ ባሕር ከሆነ ባለ ቅርፊት እንስሳም ቤቱን ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ የምታነቡት የወንዙን ውሃ ሳይሆን የሽፋኑን ኑሮ ነው። ስለዚህ የሴንሰሩን መስተዋት የሚጠርግ ትንሽ መጥረጊያ ይገጠማል፣ ዙሪያውም ሕይወት ያለው ነገር በማይወደው መዳብ ይታጠራል። እንዲያም ሆኖ ሄዶ በእጅ የሚያጥብ ሰው አይቀርም። አዲስ ፈጠራ ሲወራ ስለዚህ ሰው ማንም አያነሳም፣ ያለ እሱ ግን መረጃው ዋጋ የለውም።

የከባድ ብረቶች ጉዳይ የመጠን ትግል ነው። ለመጠጥ ውሃ አርሴኒክም እርሳስም በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመከራል። ይህ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ግራም ማለት ነው። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ትዕግሥት ያለበት ነው፦ ኤሌክትሮዱ ላይ ቮልቴጅ አድርጎ ብረቱን ለደቂቃዎች እያጠራቀሙ መቆየት፣ ከዚያ ቮልቴጁን እየለወጡ ማራገፍ። እያንዳንዱ ብረት በራሱ ቮልቴጅ ስለሚለቅ ማን ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል።

ሕይወት ያለው ሴንሰርም አልቀረም። አርሴኒክ ሲያገኙ ብርሃን እንዲሰጡ ዘራቸው የተለወጠ ባክቴሪያዎች አሉ። የፖላንዷ ዋርሶ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ከሚጠብቁላት መካከል ሙስል የሚባሉ ባለ ሁለት ቅርፊት የወንዝ እንስሳት ይገኙበታል፤ ውሃው ሲበከል ቅርፊታቸውን ግጥም አድርገው ይዘጋሉ፣ የተለጠፈባቸው መሣሪያም ያንን ይመዘግባል። ካናሪዋ በሌላ መልክ ተመልሳለች ማለት ይቻላል፣ እነዚህ ግን ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ውሃቸው ይመለሳሉ።

የሴንሰር ጉልበት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ሁለት ታሪክ በቂ ነው። ጄምስ ሎቭሎክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ እጅግ ጥቂት የክሎሪን ውህዶችን የሚይዝ መሣሪያ ሠራ። በ1971 ይዞት በመርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ ከማቀዝቀዣና ከስፕሬይ የሚወጣውን ሲኤፍሲ ውቅያኖስ መሃል ሁሉ አገኘው። እሱ ራሱ ያኔ ጉዳት የለውም ብሎ ጽፎ ነበር። በ1974 ግን ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች ይኸው ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ አሳዩ። ሁለተኛው የጀርመኑ መኪና አምራች የቮልስዋገን ነው። የአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተንቀሳቃሽ መለኪያ መኪና ላይ ጭነው መንገድ ላይ ሲነዱ፣ አንዱ የናፍጣ መኪና ከሕጉ እስከ 35 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲለቅ አገኙት። የፍተሻ ክፍል ውስጥ ያው መኪና ንጹሕ ነበር። ለካ መኪናው እየተፈተነ መሆኑን ሲያውቅ ብቻ ልቀቱን እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር፤ ማጭበርበሩ በ2015 ይፋ ወጣ።

ሳተላይትም አለ። በ2017 የመጠቀው ሴንቲኔል 5ፒ በየቀኑ የዓለምን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይቃኛል። ግን ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን በአንድ ላይ ነው የሚያየው፣ አንዱ የምስል ነጥቡም ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። እናንተ የምትተነፍሱትን ለማወቅ መሬት ላይ ያለው ሴንሰር ያስፈልጋል።

ሴንሰር የምትገዙ ወይም የሌላ ሰው ንባብ የምታዩ ከሆነ መጠየቅ ያለባችሁ ብዙ አይደለም። መጨረሻ የተፈተነው መቼ ነው? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ሌላ ምን ጋዝ ያታልለዋል? እርጥበትና ሙቀትስ አብረው ተመዝግበዋል? ከተቻለ ደግሞ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሴንሰሮች ጎን ለጎን ይሰቀሉ። ሁለቱ መለያየት የጀመሩ ቀን ቢያንስ አንዱ ታሟል፣ የዚያን ቀን ቁጥር አትጠቀሙበት።