ኮሎራዶ ሮኪስ፦ ፒቸር ማፍራት የከበደው ክለብ

ኮሎራዶ ሮኪስ በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የሚጫወት የዴንቨር ክለብ ነው። ሊጉን የተቀላቀለው በ1993 እ.አ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያ ዓመቱ ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ስታዲየም ገብቶ አይቶታል። እስካሁን ያን ቁጥር ያለፈ ክለብ የለም። ጎበዝ መቺም አጥቶ አያውቅም፤ ላሪ ዎከርና ቶድ ሄልተን በዚህ ማሊያ ደምቀው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል። ፒቸር ግን ሁሌም ይቸግረዋል። ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት የሮኪስ ተጫዋች ወስዶት አያውቅም። ክለቡም ምድቡን አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ አያውቅም።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ፒቸር ማለት ሜዳው መሐል ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ዋናው መለኪያው ኢአርኤ ይባላል። በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት ይናገራል። ከ3 በታች የሆነ ግሩም ነው። 4 ገደማ ደህና ነው። ከ5 በላይ ከሆነ ግን ሥራ ያሳጣል።

ስለ ሮኪስ ሲወራ ሁሉም ሰው በአየሩ ያሳብባል። አየሩ እውነትም ከባድ ነው። ግን ከ1993 ጀምሮ እዚያው ያለ አየር ነው። ስለ እሱ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት ራሱ ክለቡ ነበር። ያንን እውቀት አጠራቅሞ ለወጣቶቹ አለማስተላለፉ ነው እኔን ከአየሩ በላይ የሚያሳስበኝ።

መጀመሪያ ስለ አየሩ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የእኛ ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። (ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ አክሱምም የዴንቨር እህት ከተማ ነች።) ለቤዝቦል ግን ትልቅ ነገር ነው። ከሜጀር ሊግ ከተሞች በከፍታ ሁለተኛ የሆነችው ፊኒክስ 330 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በ1995 የተከፈተው የሮኪስ ስታዲየም ኩርስ ፊልድ ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ረድፍ ሐምራዊ ወንበር አለው። ልክ አንድ ማይል ከፍታ ያለው እዚያ ጋ ነው።

በዴንቨር አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የተመታ ኳስ የሚያስቆመው አየር ስለሚያንስ ርቆ ይሄዳል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለፒቸር የባሰው ግን ኳሱ ገና ከእጁ ሲወጣ የሚሆነው ነው። ከርቭቦል የሚታጠፈው ኳሱ እየተሽከረከረ አየሩን ስለሚገፋ ነው። የሚገፋው አየር ሲሳሳ እጥፋቱ ይቀንሳል። ሳንዲያጎ ላይ ከመቺው ጉልበት በታች የሚወድቅ ኳስ ዴንቨር ላይ ወገቡ ጋ ይንጠለጠላል። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ፋስትቦልም ወትሮ መቺውን የሚያሳስተውን ከፍ ብሎ የመቆየት ጠባዩን ያጣል።

የዚህን ጉዳት ከዳሪል ካይል በላይ የሚያሳይ የለም። ካይል በከርቭቦሉ የታወቀ ፒቸር ነበር። በ1997 ለሂዩስተን ተጫውቶ 19 ጨዋታ አሸነፈ፤ ኢአርኤው 2.57 ነበር። ሮኪስ በ24 ሚሊዮን ዶላር ለሦስት ዓመት አስፈረመው። በ1998 ኢአርኤው 5.20 ሆነ። በ1999 ደግሞ 6.61። ከዚያ ለሴንት ሉዊስ ተሰጠ፤ እዚያም በመጀመሪያው ዓመት 20 ጨዋታ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፣ ክንዱም ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው።

ክለቡ በ2000 መጨረሻ ማይክ ሃምፕተንን በስምንት ዓመት 121 ሚሊዮን ዶላር፣ ዴኒ ኒግልን በአምስት ዓመት 51.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። የሃምፕተን ኢአርኤ በመጀመሪያው ዓመት 5.41፣ በሁለተኛው 6.15 ሆነ፤ ከዚያ ተሸኘ። ያኔ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ስም ያለው ፒቸር ምርጫ እያለው ዴንቨር አይመጣም፤ ቢመጣም ገንዘቡ በከንቱ ይቀልጣል። ስለዚህ ሮኪስ ፒቸሮቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ ራሱ ማሳደግ አለበት። ሌላ ክለብ ማሳደግ ቢያቅተው ገዝቶ ይሞላል። ሮኪስ ያ መውጫ የለውም።

ማሳደጉም ራሱ የዋዛ አይደለም። ወጣት ፒቸር በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ተመርጦ ወይም ከዶሚኒካንና ከቬኔዝዌላ ተፈርሞ ከሜጀር ሊግ በታች ወዳለው ማይነር ሊግ ይገባል፤ ደረጃ በደረጃም ይወጣል። የሮኪስ ልጆች በፍሬስኖ፣ በስፖኬንና በሃርትፎርድ ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ናቸው። ልጁ ከርቭቦሉን የሚለማመደው ወፍራም አየር ላይ ነው። የመጨረሻው ደረጃ አልበከርኪ ነው፤ ከፍታው ከዴንቨር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እስከ 2014 ድረስ ደግሞ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነበር፤ እሱ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ማለትም ልጁ ሜጀር ሊግ ሊገባ አንድ እርምጃ ሲቀረው የሚያውቀው ኳስ እጁ ላይ ይለወጥበታል። ነጥብ ይቆጠርበታል። አሰልጣኙም ልጁ ደክሞ ይሁን አየሩ ይሁን ለመለየት ይቸገራል። ልጁ ደግሞ ፈርቶ ሲታወቅበት የኖረውን አወራወር ይቀይራል።

ዴንቨር ከደረሰ በኋላም አይለቀውም። መጀመሪያ የሚሰለፍ ፒቸር ብዙውን ጊዜ በየአምስት ቀኑ ይወረውራል፤ በመሐል ይለማመዳል። ልምምዱን ኩርስ ፊልድ ላይ አድርጎ ጨዋታውን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሊጫወት ይችላል። ዴንቨር ላይ ኢላማውን ያስተካከለለት ጣት አያያዝ እዚያ ኳሱን አፈር ላይ ይጥለዋል። ያንን ሲያርም ደግሞ ወደ ዴንቨር ይመለሳል። ሰውነቱም ቶሎ አያገግምለትም። በዚያ ላይ የኩርስ ፊልድ ሜዳ ሰፊ ነው። ኳስ በቀላሉ ከአጥር እንዳይወጣ ተብሎ አጥሩ ወደ ኋላ ተደርጓል፤ መሐሉ 126 ሜትር ይርቃል። በዚህ ምክንያት ተከላካዮቹ መሐል ብዙ ኳስ ይወድቃል። ኢኒንጉ ይረዝማል። ፒቸሩ ብዙ ይወረውራል፣ ተቀያሪዎቹ ቶሎ ይገባሉ፣ እነሱም ይደክማሉ። ያኔ ከማይነር ሊግ ያልበሰለ ልጅ ይጠራል።

አየሩን ለመቋቋም ከተደረገው ሁሉ የሠራው አንዱ ሁሚዶር የሚባለው እርጥበቱ የተመጠነ ክፍል ነው። የክለቡ ኤሌክትሪሺያን ለአደን የሚያደርገው የቆዳ ጫማ ርሶ ሲደርቅ እንደሚጠበው አስተዋለ። ደረቁ የዴንቨር አየር የኳሱንም ቆዳ እንዲሁ ያደርገው ይሆን ብሎ ጠየቀ። ልክ ነበር፤ ኳሶቹ እየደረቁ፣ እየጠነከሩና እየተንሸራተቱ ነበር። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹ በዚያ ክፍል ይቀመጣሉ። ሆምራን (ከአጥር የሚወጣ ምት) ቀነሰ፣ ፒቸሮችም ኳሱን በደንብ መጨበጥ ቻሉ። ከ2022 ወዲህ ሁሉም 30 ክለቦች ይህንኑ ያደርጋሉ። ሐሳቡ የመጣው ከቢሮ ሳይሆን በቅርብ ከሚያይ ሠራተኛ መሆኑ ደስ ይለኛል። እንዲህ ዓይነት አስተውሎት በፒቸር ማሳደጉ ላይ ቢደገም ኖሮ ክለቡ ዛሬ ሌላ ቦታ ይሆን ነበር።

ግን አልተደገመም። በ2012 ክለቡ ፕሮጀክት 5183 የሚባል ነገር አመጣ፤ ቁጥሩ የሜዳው ከፍታ በጫማ ነው። ከአምስት ጀማሪ ፒቸር ይልቅ አራት ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም 75 ገደማ ወርውሮ ይወጣል። ሐሳቡ ድፍረት አለው። ነገር ግን የውድድር ዘመኑ መሐል ላይ በድንገት በወጣቶች ላይ የተጫነ ነበር። ቡድኑ 98 ጨዋታ ተሸንፎ ጨረሰ፤ ዕቅዱም ተተወ። ሮኪስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። አንድ ሰሞን መሬት የሚነካ ኳስ የሚያስመቱ ፒቸሮች ይፈለጋሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍጥነት ብቻ። እያንዳንዱ አዲስ ሰው ከዜሮ ይጀምራል፤ የተማረውም አብሮት ይሄዳል። ሌሎች ክለቦች በካሜራና በቁጥር የእያንዳንዱን ኳስ እጥፋት ሲያጠኑ፣ የሮኪስ የመረጃ ትንታኔ ክፍል ለዓመታት ከሊጉ ትንሾቹ አንዱ ነበር። መረጃ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ክለብ ነበር እኮ።

ድራፍቱም ብዙ ጊዜ አልያዘለትም። በ2006 ሁለተኛውን ምርጫ ይዞ ግሬግ ሬይኖልድስን ወሰደ። ክሌይተን ከርሾው ሰባተኛ፣ ቲም ሊንስከም አሥረኛ፣ ማክስ ሸርዘር አሥራ አንደኛ ሆነው ነው የተመረጡት። ሦስቱም ኋላ ሳይ ያንግን ደጋግመው አሸንፈዋል፤ ሁለቱ እንዲያውም እዚያው ምድብ ውስጥ ሆነው ሮኪስን ሲያሰቃዩ ኖሩ። ሬይኖልድስ በ2008 ሲገባ ኢአርኤው ከ8 በላይ ነበር። በ2016 አራተኛ የተመረጠው ራይሊ ፒንትም ከሃይስኩል በሰዓት 100 ማይል የሚወረውር ልጅ ነበር። ኢላማ መጠበቅ ግን አቃተው። ሜጀር ሊግን ያየው በ2023 ነው።

የሚያሳዝነኝ የታይለር ማትዜክ ታሪክ ነው። በ2009 አሥራ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2014 ገብቶ ተስፋ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ጭንቀት ያዘውና ኳሱን ወደ ኢላማው መላክ አቃተው። ሮኪስ ጋ መፍትሔ ሳያገኝ ቀረ። ቴክሳስ ውስጥ ከሊጉ ውጭ ላለ ትንሽ ቡድን ሲወረውር ቆይቶ በ2020 ለአትላንታ ሜጀር ሊግ ተመለሰ። በ2021 ለዋንጫ ጨዋታ የሚያሳልፈው ፍልሚያ ላይ፣ ሁለት የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተጫዋቾች ነጥብ ለማግባት ቤዝ ላይ ቆመው፣ አንድም ሰው ሳይወጣ ገባ። ሦስት መቺ ተራ በተራ አስወጣ፤ ሦስቱም ኳሱን አላገኙትም። አትላንታ በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ያ ክንድ ዴንቨር ላይ ነበር።

ሮኪስ ምንም ፒቸር አላፈራም ማለት ግን ሐሰት ነው። ኡባልዶ ሂሜኔዝ በ2010 አትላንታ ላይ ምንም ሳይመታበት ጨዋታ ጨርሷል፤ በክለቡ ታሪክ ብቸኛው ነው። የዚያ ዓመት ኢአርኤው 2.88 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሌሎች ተጫዋቾች ተለወጠ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ2018 ቡድን ነው። ካይል ፍሪላንድ፣ ኸርማን ማርኬዝ፣ ጆን ግሬይ፣ አንቶኒዮ ሴንዛቴላና ታይለር አንደርሰን ወጣቶች ነበሩ፤ ከማርኬዝ በቀር ሁሉንም ክለቡ ራሱ ከመጀመሪያው ያሳደጋቸው ናቸው። ማርኬዝ 230 መቺ ኳስ አስቶ አስወጣ፤ የክለቡ ሪከርድ ነው። ፍሪላንድ ደግሞ የዴንቨር ልጅ ነው። ፈጣኑን ኳስ መቺው እጅ ሥር እያስገባ፣ መሬት እያስመታ፣ 17 ጨዋታ አሸነፈ። ኢአርኤው ኩርስ ፊልድ ላይ 2.40 ነበር፤ እዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ዓመት ያሳለፈ የለም። በሦስት ቀን እረፍት ብቻ ተነሥቶ ቺካጎ ላይ በተደረገው የአንድ ጨዋታ ማጣሪያ ያለ ነጥብ ስድስት ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወረወረ፤ ሮኪስም አልፏል። እጥፋት ላይ ያልተንጠለጠለ ፒቸር በዚያ አየር እንደሚኖር ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ግን ክለቡ ያንን ዓመት ይዞ አላቆየውም። በ2019 የፍሪላንድ ኢአርኤ 6.73 ሆነና ወደ አልበከርኪ ተላከ። ምን ሠርቶ እንደነበር፣ ምን እንደተበላሸ በቁጥር አሳይቶ ቶሎ የሚያቀናው ሰው በዙሪያው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ግሬይ በ2021 ኮንትራቱ አልቆ ቴክሳስ ሄደ፤ ክለቡ በምትኩ ምንም አላገኘም። በ2023 ቴክሳስ ዋንጫ ሲያነሳ እሱም ነበረበት። ሮኪስ በ2023 እና በ2024 ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸነፈ። በ2025 ደግሞ 119። የጀማሪ ፒቸሮቹ ኢአርኤ 6.65 ነበር።

በዚያው 2025 ቼስ ዶላንደር የሚባል ልጅ ሜጀር ሊግ ገባ። በ2023 ድራፍት ዘጠነኛ ሆኖ የተመረጠ ነው። ከሜዳው ውጭ ኢአርኤው 3.5 ገደማ ነበር፤ ኩርስ ፊልድ ላይ ወደ 10 ተጠጋ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ፖል ዲፖዴስታን በኃላፊነት ቀጠረ። ከእሱ በፊት የነበሩት ጄፍ ብራይዲችና ቢል ሽሚት ከቤት ውስጥ ያደጉ ነበሩ፤ ዲፖዴስታ ከውጭ ነው የመጣው፤ ስሙም የተሠራው በቁጥር ትንታኔ ነው።