ኳንተም ዶት ሰውነት ውስጥ ሲገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኳንተም ዶት ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የምትሆን የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ፣ ቅንጣት ናት። ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ተሠርተው በየጠርሙሱ የተቀመጡትን በአልትራቫዮሌት መብራት ብታዩ ትንንሾቹ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያሉት ቀይ ሆነው ይፈካሉ። ሙንጊ ባዌንዲ፣ ሉዊስ ብሩስና አሌክሲ ኤኪሞቭ የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት በዚህች ቅንጣት ነው። የካንሰር ዕጢን አብርታ ታሳየናለች የሚለው ተስፋ ትልቅ ነው፤ ስለ ደህንነቷ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል።

«ትንሽ ስለሆነች በሽንት ትወጣለች»

ኩላሊት ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። በ2007 ባዌንዲ የተሳተፈበት ቡድን በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ቶሎ በሽንት የምትወጣው ከነሽፋኗ ከ5.5 ናኖሜትር ስታንስ ነው። ነገሩ ያለው «ከነሽፋኗ» የሚለው ላይ ነው። ከደም ጋር እንድትስማማ የሚደረግላት ልባስ ያወፍራታል፤ የደም ፕሮቲንም ይለጠፍባታል። ከወንፊቱ የቀረችውን በጉበትና በጣፊያ ያሉ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ይይዟታል፤ ለወራትም እዚያው ትቆያለች።

«ካድሚየም ስላለባት መርዝ ናት»

ብዙ ኳንተም ዶቶች የሚሠሩበት ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በጃፓን ጂንዙ ወንዝ አካባቢ ከማዕድን ማውጫ በወረደ ካድሚየም የተበከለ ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እየተሰበረ ተሠቃይተዋል፤ የበሽታው ስም «ኢታይ ኢታይ» ራሱ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። ሆኖም በቅንጣቷ ውስጥ የታሰረ ካድሚየምና የተፈታ ካድሚየም አንድ አይደሉም። በ2004 በጉበት ሕዋሳት ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ያልተሸፈነችውን ቅንጣት አየር ወይም አልትራቫዮሌት ሲያገኛት ካድሚየሙ እየተፈታ ሕዋሳቱን ገደለ። በዚንክ ሰልፋይድ ስትለበጥ ጉዳቱ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

«በሰው ላይ ተሞክራ አልፋለች»

ይህ የስም መምታታት ነው። በ2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሰው ላይ እንዲሞከሩ የፈቀደላቸው «ኮርኔል ዶት» የሚባሉት ናቸው። እነሱ የሚያበራ ቀለም የያዙ የሲሊካ ቅንጣቶች እንጂ ኳንተም ዶት አይደሉም።

«ጦጣዎቹ አልታመሙም፤ ስለዚህ ጉዳዩ አልቋል»

በ2012 የወጣው ጥናት ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ ይጠቀሳል። በደም ሥራቸው ኳንተም ዶት የተሰጣቸው ሪሰስ ጦጣዎች ለ90 ቀናት ክትትል ተደርጎላቸው የደም ምርመራቸውም ሆነ የውስጥ አካላቸው ደህና ነበር። ይህ ደስ የሚል ውጤት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቀረው ግማሽ ነው፦ ከ90 ቀን በኋላም አብዛኛው ካድሚየም በጉበት፣ በጣፊያና በኩላሊት ውስጥ ነበር። በሰው ኩላሊት የገባ ካድሚየም በግማሽ ለመቀነስ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የ90 ቀን ጤንነት ስለዚያ ሁሉ ዓመት ሊመሰክር አይችልም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም ረዘም ያለ ጥናት ያስፈልጋል ብለዋል።