«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ሰው ለሚረዱ ሰዎች ሲነገር

ይህን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የሠርግ ኮሚቴ ሲዋቀር ይነገራል። ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ሲሰበሰብ ይነገራል። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲለጠፍ ከላይ እሱ ይቀመጣል፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ከዚያ ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንዱን የሚያጎብጥ ነገር ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። ከመቅለልም አልፎ ያምርባቸዋል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለዚህ ለሁለተኛው ግማሽ ስንል ነው፤ ተባበሩ ለማለት።

እኔን ግን የሚይዘኝ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሃምሳውን ብቻውን የታቀፈው ሰው። ስለ እሱ ሳስብ የሚመጡብኝ ነርሷ፣ ሶሻል ወርከሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ በአረጋውያን ማዕከል ሌሊት የሚያድረው ተንከባካቢ ናቸው። እንጀራቸው የሰው ችግር መሸከም የሆነ ሰዎች። ስለ አእምሯቸው ጤና ስናወራ ከየትኛውም ሥልጠና በፊት ይህ ተረት ቢነገር ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ግን ሎሚው። ሎሚ እንዴት ጌጥ ይሆናል? ዛሬ ሎሚን የምናውቀው ከሰላጣና ከሻይ ጋር ነው። በአገር ቤት ወግ ግን ሎሚ ሽቶም ነበር። በዓል የሚወጣ ሰው በእጁ ይዞት እያሸተተ ይሄዳል። ጥምቀት ላይ ደግሞ ጎረምሳው ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታታል። ልጅቱ ሎሚውን ካነሳችው ነገር ተጀመረ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሎሚ በእጅ መያዝ የበዓል፣ የመዓዛ፣ የወጣትነት ምልክት ነው። ተረቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ጃንሜዳ ቢወርድ ያ በዓል ነው። ያንኑ ሃምሳ ሎሚ አንድ ሰው ብቻውን ታቅፎ ቢሄድ ግን ተሸካሚ ነው። በዓሉም ያልፈዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ተረቱ ሃምሳ ኩንታል አላለም። ኩንታል ቢሆን ኖሮ ማንም ያያል፣ «ኧረ አግዙት!» ይላል። ሎሚ ግን ቀላል ነው። የአንዱ ክብደት ከእጅ አይቆጠርም። ጣጣው ክብ መሆኑ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ በክንድ አይያዝም። አንዱ ይወድቃል። እሱን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ሌሎች ሦስት ይንከባለላሉ። ከሩቅ የሚያይ ሰው «በሎሚ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይላል።

የእርዳታ ሥራም ልክ እንዲህ ነው የሚከብደው። በአንድ የሴቶች መጠለያ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። አለቃዋ ፋይል ይዛ በር ላይ ትቆማለች። «አንቺ ስለሆንሽ ነው፣ ይቺን አንድ ብቻ» ትላታለች። አንዷ ጉዳይ በእርግጥ ቀላል ናት። ፖሊስ ጣቢያ መደወል፣ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ፣ ቤተሰብ ማነጋገር። ግን ቀጠሮዎቹ ይጋጫሉ። ፍርድ ቤት ቆማ ሳለ መጠለያ ውስጥ አንዷ ልጅ ታለቅሳለች። ማታ እራት ላይ ስልኳ ሲጠራ እጇ እንጀራው ላይ ይቀራል። ካነሳችው እራቷ ያልቃል። ካላነሳችው እንቅልፏ። የሰማችው ታሪክም አብሯት ቤት ይገባል፤ እሱን ቢሮ ቆልፎ መሄጃ መሳቢያ የለም።

ቁጥር ካስፈለገ የጤና ኤክስቴንሽንን እንይ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። ዛሬ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች አሉበት፣ በአብዛኛው ሴቶች። ሲታቀድ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ቀበሌ ደግሞ ወደ 5,000 ሰው ይኖርበታል። ክትባት፣ የወሊድ ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወባ። ቤት ለቤት መዞር፣ መዝገብ መሙላት፣ ሪፖርት መላክ። አንዷ ወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ቀበሌው በሙሉ በሌላዋ ክንድ ላይ ይቀራል። አገሪቱ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ላገኘችው ለውጥ እነዚህ ሴቶች ያላቸውን ድርሻ ሁሉም ይመሰክራል። ‹እናንተስ እንዴት ናችሁ?› ብሎ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ድካም ስም ያገኘውም ሰው በሚረዱ ሰዎች መካከል ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ያገለግል ነበር። ቀን በራሱ ቢሮ ይሠራል፣ ማታ ክሊኒኩ ይገባል። አብረውት የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በሥራው ፍቅር ጀምረው ከጊዜ በኋላ ባዶ ሲሆኑ፣ ሲነጫነጩ፣ የሚረዷቸውን ሰዎች ሲሸሹ አየ። በራሱም ላይ አየው። እ.ኤ.አ. በ1974 «በርንአውት» (ነዶ ማለቅ እንደማለት) ብሎ ጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች መመደቢያው ውስጥ በዝርዝር ሲገልጸው ከሥራ የሚመጣ ክስተት ነው እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም አለ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጠራጠር፣ «ምንም አልረባሁም» የሚል ስሜት። መነሻውም በአግባቡ ያልተያዘ፣ ሲቆይ የኖረ የሥራ ጫና ነው ይላል። የኛ ሰው ሃምሳ ሎሚ ያለውን ነው እንግዲህ። ችግሩ ሰውየው ደካማ ስለሆነ አልመጣም። አከፋፈሉ ነው።

ለዚህ ነው «አይዞሽ፣ በርቺ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» የሚለው ምክር የማይዋጥልኝ። ምክሩ ከፍቅር ይመጣል፤ አውቃለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለታቀፈ ሰው ግን ክንድህን አጠንክር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ያሳዝነኛልም። የኛ ሰው ሐዘንን ማካፈል ከማንም በላይ ያውቅበታል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል። አግዳሚ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። ሰልስት እስኪወጣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሳይናገር ቢቀመጥ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አለ። ለዚህ ሁሉ ማንም ሥልጠና አልወሰደም። ሐዘን ለብቻ እንደማይያዝ ስለምናውቅ ብቻ ነው።

ሕፃን እጇ ላይ የሞተባት ነርስስ? ለእሷ ድንኳን የለም። ለቅሶ ደራሽ የለም። ጓንቷን ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ የሞት ሰዓቱን ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ቤቷ ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» ትባላለች። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። በዓመት ውስጥ ስንት ለቅሶ ሳትቀመጥ አለፈች? ያልተለቀሰ ለቅሶ አይጠፋም። አንድ ቀን በማይሆን ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በልጇ ላይ፣ በአንድ ምስኪን አስታማሚ ላይ ይወጣል። እኛም «የዚህ ሆስፒታል ነርሶች ባለጌ ናቸው» ብለን እንሄዳለን።

ዝምታውን የሚያግዝ ነገርም አለን። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የቻለ፣ የዋጠ፣ ያልተናገረ ይመሰገናል። አባቶች በሌላ በኩል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ግን አእምሮ ላይ ሲደርስ ይቺ ተረት ትረሳለች። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስሙ ራሱ መቀለጃ ሆኖ ኖሯል፤ «አማኑኤል ይግባ!» እየተባለ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። ሌላውን ሰው «ሂድ፣ ታከም፣ አያሳፍርም» የሚለው ባለሙያ ግን እሱ ራሱ ሲሆን መዝገቡን የሚያየው የሥራ ባልደረባው እንዳይሆን ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሚስጥር የሚጠበቅበት፣ ከአለቃ እጅ የራቀ መንገድ ማዘጋጀት አለበት።

ውጭ አገር ያሉትም ያው ናቸው። አሜሪካ ሆም ኬርና ግሩፕ ሆም ውስጥ፣ ማለትም ሰውን በቤቱ ወይም በጋራ መኖሪያ በመንከባከብ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ደብል የሚሠራው አለ፤ ከአንዱ ሽፍት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሌላው የሚገባ። የሚንከባከባቸው አዛውንት በሌሊት ሲሞቱ ቤተሰባቸው ጋ ይደውላል፣ ልብሳቸውን ያስተካክላል፣ በማግስቱ እዚያው ክፍል አዲስ ሰው ይቀበላል። አገር ቤት ሲደውል ግን ስለዚህ አያወራም። ስለ ብሩ ነው የሚጠየቀው።

ተረቱ ያለ አግባብ የሚጠራበትም ጊዜ አለ። አምስት ሰው በሚያስፈልግበት ክፍል ሁለት ሰው አለ እንበል። ኃላፊው ስብሰባ ይጠራና «ሃምሳ ሎሚ» ብሎ ይጀምራል፤ ተባብረን፣ ተረባርበን እያለ። ይህ ተረቱን ገልብጦ መጠቀም ነው። ተረቱ እኮ ቆጥሯል፦ ለሃምሳው ሎሚ ሃምሳ ሰው አለ። ሰው ሳይጨምሩ መተባበርን መስበክ ያንኑ ሸክም በሚያምር ቃል መጠቅለል ነው። መስከረም 30 ገደማ የሚከበረው የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን እ.ኤ.አ. በ2024 መሪ ቃሉ የሥራ ቦታ ላይ ያተኮረ ነበር። ጥሩ ነው። ኬክ ተቆርሶ፣ ቲሸርት ተለብሶ፣ በማግስቱ ያው ሃምሳ ፋይል ከጠበቀ ግን ሠራተኛው ይታዘባል።

ማካፈል ማለት ምን ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ በመጀመሪያ የሚያነሳው ሥራው ራሱ እንዲስተካከል ነው፤ ጫናው፣ ሰዓቱ፣ አሠራሩ። አለቆች የተጨነቀ ሠራተኛን ለይተው እንዲያዩና እንዲያነጋግሩ እንዲሠለጥኑም ይመክራል። ለጤናና ለሰብዓዊ እርዳታ ሠራተኞች ለብቻ ምክር አስቀምጧል። በድባቴና በጭንቀት ምክንያት ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደምታጣም ተገምቷል።

እኔ በጣም የምወደው ግን አንድ ቀላል ነገር ነው። ኬኔት ሽዋርትዝ የሚባል የቦስተን ጠበቃ በሳንባ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1995 ከመሞቱ በፊት የሚያስታምሙት ሰዎች ደግነት ምን ያህል እንደረዳው ተናገረ። በስሙ የተቋቋመው ማዕከል በሆስፒታሎች አንድ ስብሰባ አስጀመረ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። የሚያወሩት ስለ ሕክምናው አይደለም። ሥራው ልባቸው ላይ ስላደረገው ነው። መፍትሔ አይፈለግም፤ መደማመጥ ብቻ። ሳነበው የታየኝ የኛው ለቅሶ ቤት ነው። እኛ ጋ ለዚህ ክፍልና ወንበር አለ፤ ቡናም አለ። የሚጎድለው ከሥራ ሰዓት ላይ የሚቆረስ አንድ ሰዓት ነው።

ሕጉም የሚያግዝበት ቦታ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለ። «ሥራው ስለሚበዛ» እያሉ ፈቃድን ከዓመት ዓመት ማሸጋገር በእርዳታ ድርጅቶች የተለመደ ነው። መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ጓደኛዬ ያለችበት መጠለያ አሁን የተረኛ ስልክ ገዝቷል። ስልኩ በየሳምንቱ እጅ ይቀያይራል፤ ተረኛ ያልሆነ ሰው የግል ቁጥሩን ለተገልጋይ አይሰጥም። መጀመሪያ የተቃወመችው እሷ ነበረች። «ልጆቹ እኔን ነው የሚያምኑት» አለች። እውነቷን ነበር። ስለዚህ ከባድ በሆነ ጉዳይ ላይ ፋይሉ የሁለት ሠራተኛ ስም እንዲይዝ ተደረገ፤ ልጅቱም ከመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም እንድታውቃቸው። ዓርብ ከሰዓት አብረው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ሶሻል ወርከር እንዲቀጠር ጠይቀዋል፤ በጀቱ ገና አልተፈቀደም።