የቁማር ሱስና የአካባቢ ቀስቃሾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁርጠኛ ከሆነ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ተቀምጦም አይጫወትም»

ቤተሰብ ቶሎ የሚለው ይህንን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የቁማር ችግር ያለባቸውን 20 ሰዎች «ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ይሻልሃል ወይስ ቆይቶ ብዙ?» እያለ ሁለት ቦታ ጠየቃቸው፤ አንዴ የፈረስ ውርርድ ቤት ውስጥ፣ አንዴ ቁማር በሌለበት። ሰዎቹ ያው ናቸው። ውርርድ ቤቱ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ወደ ጥቂቱና ወደ ፈጣኑ አዘነበሉ። ጠዋት ቡናው ላይ «ከእንግዲህ አልነካም» ብሎ የማለ ልጅ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ ላይ ትኬት ቢቆርጥ፣ ጠዋት ዋሽቷል ማለት አይደለም። የሚመዝንበት ሚዛን ነው የተቀየረው። ቀስቃሽ የምንለው እንዲህ ፍላጎቱን የሚያነሳውን ቦታ፣ ሰዓት፣ ሰው ወይም ድምፅ ነው።

«የሚጎትተው ገንዘቡ ነው፤ ስክሪንና ድምፅ ጌጥ ነው»

በ2018 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በተሠራ ሙከራ፣ ድል በብልጭታና በሙዚቃ ሲታጀብ ሱስ የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ይበልጥ አደገኛውን መረጡ፤ ስለ ዕድሉ መጠን ለሚነግራቸው ምልክትም ብዙም ዓይን አልሰጡም። ሱስ ያለበት ላይ ደግሞ የስልኩ መልእክት ድምፅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

«ትኬቱ በአንድ ጨዋታ ነው የወደቀው፤ ቀርቦ ነበር»

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፤ ስለዚህ እናስላው። ኦዳቸው (ለተወራረደ አንድ ብር የሚከፈለው) 1.50 የሆነ 10 ጨዋታዎች ያሉበት የ20 ብር ትኬት ሁሉም ቢያዝ (ግምቱ ቢሳካ) ወደ 1,150 ብር ይከፍላል። ኦዱ ራሱ እውነተኛውን ዕድል ይናገራል፣ ማለትም እያንዳንዱ ጨዋታ ከ3 ጊዜ 2ቱን ይያዛል ብንል እንኳ፣ ከ100 ትኬት ሙሉ በሙሉ የሚይዘው 2 አይሞላም። በአንድ ጨዋታ ብቻ የሚወድቀው ግን ወደ 9 ይጠጋል፤ ከሚይዘው 5 እጥፍ ነው። ቤቱ የራሱን ድርሻ ስለሚቆርጥ ትክክለኛው ዕድል ከዚህም ያንሳል። «ለጥቂት» ማለት እንግዲህ የመቅረብ ምልክት ሳይሆን የትኬቱ የተለመደ ጠባይ ነው። አእምሮ ግን እንዲህ አያየውም፦ በ2009 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ የአንጎል ምርመራ፣ ለጥቂት ማጣት ድል የሚነካውን ክፍል እንደሚነካ አሳይቷል። ተጫዋቹ ምርጫውን ራሱ አድርጎ ለጥቂት ሲያጣ ደግሞ እንደገና የመጫወት ፍላጎቱ ይጨምራል። ቡድኑን ራሱ መርጦ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ይህ ነው።

«ረመዳንን ሙሉ አልነካም» ወይም «ግሸን ደርሶ መጣ፤ ስለዚህ ድኗል»

ጾሙም ስዕለቱም ይረዳል፤ ሰውየውን ከመንገዱ ያወጣዋልና። ነገር ግን ሌላ ቦታ የተረጋጋ አእምሮ የድሮው ደጃፍ ላይ ሲመለስ ትውስታው ይነቃል። ከዒድ ወይም ከመስከረም 21 በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከዚያ በፊት ካሉት ይበልጥ ጥበቃ የሚሹት ለዚህ ነው።

«አፑን ካጠፋ በቃ»

አፕ በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ይመዝገብ፦ ፍላጎቱ የመጣበት ሰዓት፣ ቦታው፣ አብሮት የነበረው ሰው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀስቃሾች ደጋግመው ይወጣሉ፤ ደመወዝ የገባበት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጫት ላይ ትኬት የሚያወዳድሩ ጓደኞች። ከዚያ የሚደጋገመው ይቆረጣል፦ ደመወዙ በገባበት ሰዓት ከቴሌብር ወደ ሚስት ወይም ወደ እናት ይዛወር፣ ወደ ቤት የሚሄድበት መንገድ ይቀየር፣ የማስታወቂያ መልእክት ይታገድ፣ ጨዋታው ትኬት በማይቆረጥበት ቤት ይታይ። ፍላጎቱ ሲነሳ ግማሽ ሰዓት ሌላ ሥራ ይያዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ውስጥ ይበርዳል።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቤተሰቡ አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ሲወስድበት ከጓደኛ ይበደራል፤ ዕዳው ደግሞ «ባንዴ ልመልሰው» የሚል ሌላ ቀስቃሽ ይሆናል። የትራንስፖርትና የሻይ ብር ይተውለት፤ ዕዳው ግን በወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ። እንቅልፍ ያጣ ወይም «ብሞት ይሻላል» ማለት የጀመረ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።