አክሰስ ራይደር ምንድን ነው?

ኮንሰርት አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው «ራይደር» ሲባል ግራ አይገባውም። ዘፋኙ ከውሉ ጋር አያይዞ የሚልከው ዝርዝር ነው። ስንት ማይክ፣ ምን ዓይነት ስፒከር፣ የት ሆቴል፣ አብሮት ስንት ሰው ይመጣል። አክሰስ ራይደር የዚያው ዘመድ ነው። አካል ጉዳተኛ የሆነ አርቲስት ሥራውን በደንብ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ጽፎ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ለአዘጋጁ የሚሰጠው ሰነድ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል።

የሕክምና ማስረጃ አይደለም። ዓይኑ መቼ እንደጠፋ፣ እግሯ በምን እንደተጎዳ አይጻፍበትም። አዘጋጁን አያገባውም። «መድረኩ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ የዊልቸር መወጣጫ ያስፈልገኛል» ከተባለ በቂ ነው።

እዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ትንሽ እንቆይ። በብዙ አገር የሚሠራበት የመወጣጫ ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው 7 ሜትር ከ20 ይረዝማል ማለት ነው። አዘጋጁ ይህን በዝግጅቱ ቀን ጠዋት ቢሰማ ምንም ማድረግ አይችልም። አንድ ሳንቃ አጋድሞ «ይኸው» ቢል ሸርተቴ ነው የሠራው። ሁለት ሳምንት ቀድሞ ካወቀ ግን ይደርሳል፤ እኛ ያለንባት ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት። ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ባለበት ከተማ መወጣጫ ብርቅ አይሆንም። ዝናባችንም እንደምታውቁት ነው። እርጥብ ሳንቃ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ አሸዋ የተነሰነሰበት ቀለም ይቀባል፤ ጎማው እንዳይወጣም ግራና ቀኙ ጠርዝ ይደረግለታል።

አለበለዚያ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ግዴለም፣ ልጆቹ ያነሱታል!» ከልብ የሚባል ነገር ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን እስቲ አስቡት። ሰውዬው አራት ጎረምሳ ተሸክሞት፣ ሕዝብ ፊት፣ ዊልቸሩ እየተንገዳገደ መድረክ ላይ ይወጣል። ገና አንድ ቃል ሳይዘፍን ታዳሚው አዝኖለታል። ከዚያ በኋላ የሚጨበጨብለት ለዜማው ይሁን ለእግሩ በምን ይታወቃል?

የሌላው አርቲስት ዝርዝር ሌላ ነው። ዓይነ ስውር የሆነች ክራር ተጫዋች መወጣጫ አያስፈልጋት ይሆናል። እሷ የምትፈልገው ታዳሚ ከመግባቱ በፊት መድረኩን በእግሯ እንድትለካው፣ ከዚያም ማንም ማይኩንና ገመዱን እንዳያንቀሳቅስባት ነው። ውሉንም ቀድማ ማንበብ ትፈልጋለች። እዚህ ላይ አዘጋጆች አንድ የተለመደ ነገር ይሠራሉ፤ ውሉን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ። ስልኳ ላይ ያለው ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ከፎቶ ላይ ማንበብ ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። በጽሑፍ ፋይል ይላክላት፤ ወጪ የለውም። መስማት የተሳነው ሠዓሊ ደግሞ ለዐውደ ርዕዩ መክፈቻ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይጠይቃል። ዝግጅቱ ረጅም ከሆነ ሁለት አስተርጓሚ ነው የሚያስፈልገው፤ በየ20 እና 30 ደቂቃው ካልተቀያየሩ እጅም አእምሮም ይደክማል። አስተርጓሚ ደግሞ በዋዜማው ተሯሩጦ የሚገኝ ባለሙያ አይደለም።

ገንዘቡስ? ዋናው ጠብ እዚህ ነው። የአስተርጓሚው ክፍያ፣ የረዳቱ አልጋና ትራንስፖርት፣ ዊልቸር የሚይዝ መኪና (ባጃጅ ላይ ዊልቸር አጣጥፎ መጫን ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል) ከዝግጅቱ በጀት ይወጣል እንጂ ከአርቲስቱ ክፍያ አይቀነስም። የመብራትና የድምፅ ኪራይ ከዘፋኙ ላይ የሚቆርጥ አለ እንዴ? ከዚህም የባሰው ጭራሽ አለመክፈል ነው። «ዕድል ሰጥተንሃል» ይባላል። ኅዳር 24፣ የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲደርስ ይጠራል፣ ያቀርባል፣ ቲሸርት ይሰጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ስልኩ አይጮህም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሕጉ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ሄዷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። አንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን ማሳደግና መጠቀም እንዲችሉ ዕድል ይመቻች ይላል፤ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም ማበልጸጊያ ብሎ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው አዞ ነበር። ሕጉ አለ፤ የየሕንፃው መግቢያ ደረጃም እንዳለ አለ። እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ታሪካዊውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ማንም አፍርሶ ራምፕ ይሥራበት አይልም፤ እዚያ የሚዘጋጅ ነገር ግቢው ላይ ወይም ምድር ቤቱ ውስጥ ይሁን ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል።

ሰነዱ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይባልም። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ አዘጋጁ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። አዘጋጁም የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ በጽሑፍ ይመልስ። «እንተጋገዛለን» መልስ አይደለም። መወጣጫው 5 ሜትር ብቻ ይሆናል ካለ አርቲስቱ መድረኩ ዝቅ ይበል ሊል ይችላል፤ ወይም ይቅርብኝ ይላል። ውሳኔው የሱ ነው።

ብዙ አርቲስት ግን እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አልሰማም። ስለዚህ ጥያቄው ከአዘጋጁ ቢጀምር ይሻላል። ያውም ዊልቸር ወይም ነጭ በትር ለያዘው ብቻ ሳይሆን ለተጋበዘው ሁሉ፦ «ለሥራህ ምን እናዘጋጅልህ?» ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ ያለባት ዳንሰኛ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ይቅርልኝ ለማለት ድፍረት የምታገኘው ቀድሞ የጠየቃት ሰው ካለ ነው።